የውሻን ድምፅ መቁረጥ ውሻውንም ውድድሩንም ይጎዳል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በለገጣፎና በአካባቢዋ ቤቶች እየተጠጋጉ በመሠራታቸው የውሻ ጩኸት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ጉዳይ ሆኗል። በቀዶ ሕክምና የውሻን ድምፅ መቀነስ እንደሚቻል የሰሙ ባለቤቶችም ውሻ አሠልጣኝ ስለሆንኩ ምክሬን ይጠይቁኛል። ከእነሱ መካከል ውሻቸውን አንድ ቀን ለውድድር ለማብቃት የሚመኙ ስላሉ፣ ጉዳዩን በጋዜጣችሁ በኩል ለሁሉም ማስረዳት ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

በዚህ ቀዶ ሕክምና የእንስሳት ሐኪሙ ውሻውን በማደንዘዣ አስተኝቶ፣ በአፉ በኩል ገብቶ ወይም ማንቁርቱን ከውጭ ከፍቶ፣ ከድምፅ አውታሮቹ ከፊሉን ወይም አብዛኛውን ቆርጦ ያወጣል። ውሻው ከዚያም በኋላ ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን የሻከረና የታፈነ ድምፅ ነው። ቁስሉ ሲሽር የሚቀረው ጠባሳ የአየር መተላለፊያውን ሊያጠበው ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሩጫና በብርቱ ሥራ ለሚኖር ውሻ ከባድ ጉዳት ነው። በፈረንጆቹ 1987 የተፈረመው የቤት እንስሳት ጥበቃ የአውሮፓ ስምምነት፣ ለፈውስ ሳይሆን ለሰው ምቾት ሲባል የሚደረገውን ይህን ቀዶ ሕክምና ከጭራና ከጆሮ መቁረጥ ጋር ደምሮ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በብዙ አገሮች የሚካሄደውና አይጂፒ የተባለው የሥራ ውሾች ውድድር ዱካ መከተል፣ ታዛዥነትና ጥበቃ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ከ100 ነጥብ ይታረማል። በጥበቃው ክፍል ውሻው በሜዳው ላይ የተተከሉትን መሸሸጊያዎች እየዞረ የተደበቀውን ሰው ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ እስከቆመ ድረስ ሳይነክሰውና ሳይነካው ፊት ለፊቱ ቆሞ ያለማቋረጥ መጮህ አለበት። ዳኛው የጩኸቱን ኃይልና ጽናት ይመዝናል፤ ውሻው ከነከሰ ግን ነጥብ ያጣል። ድምፁ የተቆረጠ ውሻ የቱንም ያህል ደፋርና ታዛዥ ቢሆን እዚህ ላይ የሚያሳየው ነገር የለውም። በኒውዚላንድ ሀንታዌይ የተባለው የእረኛ ውሻ በጎችን ሽቅብ የሚነዳው በጩኸቱ ስለሆነ የራሱ የውድድር ዘርፍ አለው፤ በአሜሪካ የሌሊት አደን ውድድርም ዳኞች በጨለማ ውስጥ ነጥብ የሚሰጡት የውሻውን ድምፅ እየሰሙ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጩኸት ከንክሻ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። የጥበቃው ፈተና ውሻው በጥርሱ ፈንታ በድምፁ ሥራውን እንዲጨርስ ያስተምረዋል፤ ድምፁን ስንወስድበት ያንን መካከለኛ ደረጃ አብረን እንወስድበታለን። በር ላይ የቆመ እንግዳ ወይም ኳሱን ተከትሎ ወደ ግቢ የገባ ሕፃን ውሻው መቆጣቱን በምን ያውቃል? በእኛ ሰፈር ሌሊት ጅብ ከጥሻው ሲወጣና ሌባ አጥር ሲታከክ ዘበኛውን የሚቀሰቅሰውም ይኸው ድምፅ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጡ ጎረቤቶችን ቅሬታ አላቃልልም፤ ማለዳ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ዕረፍት የማግኘት መብት አለው። ይሁን እንጂ ያለ ፋታ የሚጮኸው ውሻ በአብዛኛው ቀኑን በሰንሰለት ታስሮ የዋለ፣ ከግቢው ወጥቶ የማያውቅ፣ በፍርግርግ በር በኩል አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሲያይ የሚውል ነው። በሩን በቆርቆሮ መሸፈን፣ ጧትና ማታ ውሻውን ይዞ መራመድ፣ ማታ መኝታውን ከጎረቤት ግድግዳ ማራቅ፣ በትእዛዝ መጮህንና ዝም ማለትን ማስተማር ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ቢሆንም ውሻውን ሳያጎድሉ ጩኸቱን ይቀንሳሉ።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ስለ ውሻው አያያዝ አስቀድመው እንዲጠይቁ፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካልም ለፈውስ ያልሆነውን ይህን ቀዶ ሕክምና ልማድ ሳይሆን በፊት በግልጽ መመሪያ እንዲከለክል እጠይቃለሁ። በአገራችን የሥራ ውሾች ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስቡም ደንባቸውን ሲጽፉ ለፈውስ ሳይሆን ጩኸትን ለመቀነስ ብሎ የውሻውን ድምፅ ያስቆረጠ ባለቤት በሌላ ውሻም ቢሆን እንዳይወዳደር የሚል አንቀጽ ቢያስገቡ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የውሻ አሠልጣኝ፣ ከለገጣፎ