ክሎሪኑ ከማጣሪያው በኋላ ይግባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ክረምት ሲገባ ቦርከና ምን እንደሚመስል የኮምቦልቻ ሰው ያውቀዋል። ከተራራው ያጠበውን አፈር፣ ቅጠልና ፍግ ተሸክሞ ድፍርስ ብሎ ይወርዳል። ከተማችን እየሰፋች ነው። አንድ ቀን የወንዝ ውሃ አጣርተን መጠጣታችን አይቀርም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ከአሁኑ ልናስብበት ይገባል።

ክሎሪን ጀርም ይገድላል። ግን የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ውሃ ላይ ሲጨመር ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። ክሎሮፎርም አንዱ ነው። ለዓመታት ከተጠጡ ካንሰር ያመጣሉ ተብሎ ይሰጋል። አሜሪካ ድምራቸው በሊትር ከ0.08 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደንግጋለች።

መላ አለው። ውሃው ከመጣራቱ በፊት፣ መጀመሪያ ላይ፣ በክሎሪን ፈንታ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባል ሐምራዊ ኬሚካል ወይም ኦዞን የሚባል በመብራት የሚመረት ጋዝ ይገባል። ሽታውን፣ ብረቱንና ማንጋኒዙን ያስተካክላል። ከዚያ ውሃው ይዘቅጣል፣ ይጣራል። ቅጠሉና አፈሩ ስለወጣለት ክሎሪኑ መጨረሻ ላይ በትንሹ ይበቃዋል። ኦዞን ግን ብሮማይድ የሚባል ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ብሮሜት የሚባል ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ያለ መብራትም አይሠራም። መብራት በሚጠፋበት አገር እኔ ፐርማንጋኔቱን እመርጣለሁ። እሱም ሲበዛ ውሃውን ሐምራዊ ያደርገዋል፤ መጠኑን በየቀኑ የሚለካ ባለሙያ የግድ ነው።

አደራ፣ ይህን አንብቦ ክሎሪን የሚተው እንዳይኖር! ኮሌራ ዓመታት አይጠብቅም። ቤት ውስጥ ጀሪካን ላይ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን መድኃኒት የምትጨምሩ እናቶችና እህቶች፣ ድፍርሱን መጀመሪያ አዝቅጡት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ መድኃኒቱን ከዚያ ጨምሩ።

ከኮምቦልቻ ነዋሪ