ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተንከባካቢዎች

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጥቅም ብዙ ይጻፋል፤ ኮዱን እያረሙና እያደሱ ስለሚንከባከቡት ሰዎች ግን እምብዛም አይወራም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ ዩቲልስ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሸሸገ የጥቃት ኮድ ተገኘ። ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ነገሩን ተከታትሎ የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ምስጋናው ይገባዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ፕሮጀክቱን ያለ ክፍያ ለዓመታት የተሸከመው ሰው በ2022 የአእምሮ ጤናው እንደሚያስቸግረው በግልጽ ጽፎ ነበር። ያም ሆኖ ለምን ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ የሚለው ጉትጎታ አላባራም። በመጨረሻ ኮዱን የመቀየር ሥልጣኑን ያካፈለው ሊረዳው የመጣ ለመሰለው አጥቂ ነው።

እንዲህ ያለ ጉትጎታ በየፕሮጀክቱ ስለተለመደ ከጀርባው ተንኮል ይኖራል ብሎ ማንም አልጠረጠረም። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ስህተት ስታመለክቱ የቨርዥኑን ቁጥርና ስህተቱ እንዴት እንደሚደገም አብራችሁ ላኩ፤ ከተቻለም ማስተካከያውን። በእነዚህ ሥራዎች የሚያተርፉ ድርጅቶችም ለተንከባካቢዎቹ ቋሚ ክፍያ ይመድቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር መሐንዲስ