ለደንበኞቻችን፦ የሐረር ቡና ለምን እንዳቆምንና ዋጋ ለምን እንደጨመርን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልኝ። የሐረር ጥሬ ቡና መሸጥ ማቆማችንንና የሌላው ጥሬ ቡና ዋጋ በኪሎ ከ13 ወደ 17 ዩሮ ማደጉን ካሳወቅን ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ነገሩ ድንገት ስለሆነባችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን ባለበት ይጸናል። ምክንያቱን በስልክ እየተቆራረጠ ማስረዳት ስላልሆነልኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ።

ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ ከልቤ አልወጣልኝም። «የፈረንጅ ሕግ ፈርታችሁ የሐረርን ገበሬ ከዳችሁት» ይላል። የላኩልኝ እናት ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን አንዷ ናቸው፤ እንዲህ የሚሉኝም ቡናችንን ስለሚወዱ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አመመኝ። እናቴ እኛን ያሳደገችን ድሬዳዋ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ቡና እየለቀመች ነው። ማታ ስትገባ ነጠላዋ የጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) አቧራ ይሸት ነበር። እኔም ፍራንክፈርት መጥቼ፣ በኪራይ ቤት ማዕድ ቤት እየቆላሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትንንሽ ከረጢት መሸጥ ስጀምር የመጀመሪያው ቡናዬ ሐረር ነበር። ሐረርን ለመተው ከኔ ይልቅ የሚከብደው ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ (የሕጉ ቀኖችና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች እንዳይገባ ይከለክላል። ካካዎ፣ ከብት፣ እንጨት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና የፓልም ዘይትም አብረው አሉበት። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን እያንዳንዱን ማሳ በካርታ ላይ ማሳየት አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንዲት የጂፒኤስ ነጥብ ትበቃለች፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ዙሪያውን መሳል ግድ ነው። የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ጋር መቀላቀል አይፈቀድም። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይይዛል፤ የኛ ገበሬ ማሳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ የብዙ መቶ ሰው ቡና ሊኖር ይችላል። የጥቂቶቹ ማሳ ካልታወቀ ጭነቱ በሙሉ ችግር ላይ ይወድቃል። ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ድርጅት ላይ የሚጣለው ከፍተኛው ቅጣት ከዓመታዊ ሽያጩ 4 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

የሐረር ቡና ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። ገበሬው ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ ያስረክባል፤ ከዚያ ከብዙ ቀበሌ የመጣው ባንድ ተፈልፍሎ፣ ተለቅሞ ጆንያ ይገባል። እኔ ጋ ሲደርስ የየትኛው ሰው ቡና እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን የሚተክለው በተራራ ላይ እርከን ውስጥ፣ ከማሽላውና ከጫቱ ጋር ነው። የመነጠረው ጫካ የለም፤ አለመመንጠሩን የሚመሰክር ወረቀት ግን በእጁ የለም። ሕጉ የተጻፈው ሰፋፊ ደን እያቃጠሉ ለሚያርሱት ሆኖ ሸክሙ የደረሰው እሱ ላይ ነው። ይህን ፍትሕ ነው ብዬ አልከራከራችሁም።

«ሕጉ ተራዝሟል አይደል፣ ምን አጣደፋችሁ?» ያላችሁኝም አላችሁ። እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። አሁን የተቆረጠው ቀን ለትልልቆቹ ድርጅቶች ታኅሣሥ 30 ቀን 2026፣ ለትንንሾቹ ሰኔ 30 ቀን 2027 ነው። ግን ቡና በአንድ ጀንበር አይደርስም። ከጥቅምት ጀምሮ የሚለቀመው ቡና ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ እኔ መጋዘን እስኪገባ ብዙ ወር ያልፋል። ዛሬ የምዋዋልበት ቡና ወደ ኅብረቱ የሚገባው ሕጉ ከጀመረ በኋላ ከሆነ ማሳው ይጠየቃል። ደግሞ እኔ በዓመት የምወስደው ጥቂት ጆንያ ነው፤ የምወስደውም ከሌሎች ጋር ተጋርቼ ነው። አስመጪው «ማሳው የማይታወቅ ቡና ከእንግዲህ አልጭንም» ሲለኝ እኔ ብቻዬን መርከብ አልከራይም።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ ብዙዎች እንዳደረጉት ሰፋፊ እርሻ ካላቸው አገሮች ርካሽ ቡና ገዝቶ ማደባለቅ ነው፤ እዚያ አንድ እርሻ፣ አንድ ካርታ፣ አለቀ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተለምኜበታለሁ። አላደርገውም። ሌላው ማሳቸው እየተለካ ካሉ የኢትዮጵያ ቡና ገበሬ ማኅበራት ጋር መቆየትና ወጪውን አብሮ መሸከም ነው። የመረጥኩት ይህንን ነው፤ ጭማሪው የመጣውም በከፊል ከዚህ ነው።

ልኬታው ምን እንደሚመስል ጅማ ዞን ሄጄ አይቻለሁ። አንድ ወጣት የማኅበሩ ሠራተኛ ስልኩን ከፍ አድርጎ ከቡናው መካከል ቆሟል፤ የጥላ ዛፉ ቅጠል ጥቅጥቅ ስላለ ሲግናሉ ይመጣል፣ ይሄዳል። የማሳው ባለቤት የሆኑት እናት ከዳር ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ይሄ ለግብር ነው?» ብለው ጠየቁት። እሱ እስኪያስረዳ፣ እሳቸው እስኪያምኑ ግማሽ ቀን ሄደ። እንዲህ እያለ በየማሳው ነው። በዚያ ላይ ደኑን ከላይ የሚያየው ሳተላይት የጥላ ዛፍ ያለውን የቡና ማሳ ደን ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ገበሬው ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል ደን የተመነጠረ መስሎ እንዳይቆጠርበት ሰው በእግሩ ሄዶ ማየት አለበት። ለዚህ ሁሉ ማኅበሩ ደመወዝ ይከፍላል። ከጨመርነው 4 ዩሮ ውስጥ 1 ዩሮው ለነሱ ይሄዳል፤ ገበሬው ከሚሸጥበት ዋጋ እንዳይቆረጥ ብለን የተስማማነው ነው።

የቀረው የዓለም ገበያ ነው። ብራዚልን ድርቅ ከመታት በኋላ የአረቢካ (የኛ ዓይነቱ ቡና) ዋጋ በየካቲት 2025 በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ግድም) ከ4 ዶላር አለፈ፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ ከኪሴ እየቻልኩ ቆይቻለሁ። የተቆላው ከጥሬው በጣም ይወደዳል የምትሉኝም፣ ጀርመን በተቆላ ቡና ላይ ብቻ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር እንደምትጥል እወቁልኝ። እሱ እኔ ጋ አይቀርም።

ስለ አየር ንብረቱ የምታነቡት ደግሞ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2017 የወጣ ጥናት በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይሆን ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ሐረርጌ ደግሞ ክፉኛ ከሚያሰጋቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ገበሬው አሁንም ቡናውን እየነቀለ ጫት ይተክላል፤ ማን ይፈርድበታል? ጫቱ በየጊዜው ይቆረጣል፣ ውኃም ካገኘ ገንዘብ ያመጣል። ቡናውን እንዲያቆይ ከፈለግን ከአውሮፓ ገበያ እንዳይወጣ ማድረግ አለብን፤ ለዚያም ማሳው መታወቅ አለበት። ስለዚህ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ላሉ ጥቂት ገበሬዎች የልኬታውን ወጪ አስቀድመን ከፍለናል። ተሳክቶ ከመጪው ምርት ጥቂት ጆንያ ከደረሰን መጀመሪያ የምንደውለው እስከ ዛሬ ሐረር ሲወስዱ ለነበሩት ነው።

እስከዚያ ቅር ብሏችሁ ትእዛዝ የሰረዛችሁ ደንበኞች፣ አንድ ኪሎ ጅማ ወይም ሲዳማ ወስዳችሁ ቁሉትና ፍረዱ። የጅማው ደረቅ ቡና ነው፤ በምጣድ ለምትቆሉ ይመቻል፣ እሳቱን ግን ቀነስ አድርጉ። በአቅም ምክንያት ዋጋው የከበዳችሁ ጡረተኞችና ተማሪዎች በግል ደውሉልኝ፣ በድሮው ዋጋ እሰጣችኋለሁ። ትእዛዝ እንደ ወትሮው እስከ ሐሙስ ማታ እንቀበላለን፤ ቅዳሜ ከሱቁ መውሰድ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቡና መቁያው ባለቤት
ፍራንክፈርት