ስማችንን ይውሰዱት ወይ?

ሰላም ዳኒ፣

ጠፍቻለሁ፤ አውቃለሁ። ይቅር በለኝና እንለፈው። ስድቡን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። አሁን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ያኔ የመዝሙር ቡድናችን ልምምድ ላይ በእግራችን ስር የሚሯሯጡት ልጆች አድገው መዘምራን ሆነዋል። ደወሉልኝና «በእናንተ ስም እንዘምር?» አሉኝ። መዝሙሮቹን ቢሆን ግድ የለኝም። ስሙን ነው የሚሉት! ደስም አለኝ፣ ቀናሁም። የቡድናችን ሰለሞን ካረፈ ወዲህ ያንን ስም ጠርቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የማመሸው የአሜሪካዎቹን ዘማሪዎች፣ ብላይንድ ቦይስ ኦፍ አላባማን (የአላባማ ዓይነ ስውራን ልጆችን) ስሰማ ነው። ታስታውሳቸዋለህ፣ ጥቁር መነጽር፣ አንድ ዓይነት ሱፍ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ወደ መድረክ የሚገቡት። አላባማ፣ ታላዴጋ ከተማ ውስጥ በነበረ የጥቁር ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተገናኙ ልጆች ነበሩ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በፈረንጅ ትምህርቱን ጥለው በመዝሙር ሊያድሩ ወጡ። ያኔ ስማቸው ሃፒ ላንድ ጁብሊ ሲንገርስ ነበር። በ1948 ኒው ጀርሲ ላይ አንድ አዘጋጅ ከሚሲሲፒ ዓይነ ስውራን ዘማሪዎች ጋር «የብላይንድ ቦይስ ፍልሚያ» ብሎ እንደ ቡጢ ግጥሚያ አስተዋውቆ አፋጠጣቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። አየህ፣ የማስታወቂያ ስም ነው! እኛ ለስም ስንት ቀን ጾምን?

ለረጅም ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያን ያህል አይታወቁም ነበር። በ1983 ዘ ጎስፔል አት ኮሎነስ የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ ሲቆሙ ሌላ ሰው መጣላቸው። ግራሚ የሚሉትን የሙዚቃ ሽልማት በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ ሽማግሎች ነበሩ። ያ የሚያገሳው መሪያቸው ክላረንስ ፋውንቴን በ2018 አረፈ። ዘማሪያቸው ጂሚ ካርተርም (ፕሬዚዳንቱን አይደለም) በ2023 ጡረታ ወጣ። በ2024 ደግሞ ሌላ ግራሚ! ዛሬ የሚመራቸው ሪኪ ማኪኒ ድሮ ከበሮ መቺያቸው ነበር። እስቲ የኛ ከበሮ መቺ ቡድን ሲመራ አስበው። እግዜር ያውጣን!

እና... እንዴት ልበልህ። እኔ ይውሰዱት ወደ ማለቱ አዘንብያለሁ። ግን ስሙ ያንተም ነው፤ የሰለሞንም ነው። እናቱን እኔ እጠይቃለሁ። ደግሞ፣ አትሳቅብኝ፣ ልጆቹ በወፍራም ድምፅ የሚዘምር ቤዝ የላቸውም። ሁሉም ቴነር ነው! አንድ ሁለት ቀን ብታስተምራቸውስ? ጉሮሮህ ካልዛገ ማለቴ ነው።

እስከ ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ። እምቢ ካልክ ራስህ ደውለህ ንገራቸው፣ እኔን አታስገባኝ።

ያንተው፣
አበበ