«ለማያውቁሽ ሰዎች ወጥ ታወጫለሽ»

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣
ጎንደር

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህ ደብዳቤ ከግፊት መድኃኒትሽ ጋር በሰው እጅ ይደርስሻል። የምታነብልሽ የልጅ ልጅሽ ናትና፣ አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ የሚያስቆጣት ነገር ቢመጣም አትዝለዪ።

በጥምቀት ማግስት ስንደዋወል የተናገርሽው ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። «አንቺ እዚያ ለማያውቁሽ ሰዎች ወጥ ታወጫለሽ፤ እኔ እዚህ ብቻዬን እበላለሁ» አልሽኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ይሆናል። አልተቋረጠም፤ መልስ ሲጠፋኝ እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ከአክስቴ ልጅ እስክትሰሚው ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቅሁሽ ፈርቼ ነው። «ደመወዝ የሌለው ሥራ ምን ሥራ ነው» ትዪኛለሽ ብዬ፤ ደግሞም «አሜሪካም የሚራብ ሰው አለ እንዴ?» ብለሽ ስለ እኔ ሆድ መጨነቅ ትጀምሪያለሽ ብዬ።

የሚራብ አለ፣ እማዬ። ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ወደ ዋሽንግተን እወርዳለሁ። ለተራበ ሰው በነጻ ምግብ የምናድልበት ቤት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ሁልጊዜ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት። አዲስ አበባ የምገባ ማዕከል የሚሉት ዓይነት ነው ብትዪ አልተሳሳትሽም። የሚሰለፉት ጎዳና ላይ የሚያድሩ ብቻ አይደሉም። ሌሊቱን ሕንጻ ሲጠብቅ አድሮ የሚመጣ አለ፤ ጡረታዋን የቤት ኪራይ የጨረሰባት አሮጊት አለች። ወሩ ሲገባደድ ሰልፉ ይረዝማል፤ መንግሥት ለምግብ መግዣ በካርድ የሚሞላላቸው ገንዘብ እስከዚያ አይዘልቅም።

ምግቡ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅሽ አይቀርም። ፊትሽን እንደምታጨማድጂ እያወቅሁ ልንገርሽ፤ አብዛኛው ትርፍ ነው። ከሆቴል ግብዣ፣ ከመደብር መደርደሪያ የተረፈ። አንቺ የቆሎ ተማሪ ከበራችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ውሻው እየጮኸበት፣ ከመሶቡ ያልተነካውን እንጀራ ነበር የምታወጪለት። እኔ አኩፋዳው ውስጥ ልጨምርለት የቁርስ ፍርፋሪ ይዤ ስወጣ «የእግዚአብሔር እንግዳ ትራፊ አይበላም» ብለሽ ከደጅ የመለስሽኝን ቀን አልረሳሁትም።

የዚህ አገር ትርፍ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሰኞ፣ እናንተ ቃና ዘገሊላን ስታከብሩ፣ እዚህ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ብርዱ ስለከፋ ሥነ ሥርዓቱን ወደ ውስጥ አስገቡት። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ከተማው በግብዣ ይሞላል። በፈረንጆች 1989 አባትየው ቡሽ ሥልጣን ሲይዙ፣ የምሽት ክበብ ያስተዳድር የነበረ ሮበርት ኤገር የሚባል ሰው ከየግብዣው የተረፈውን ምግብ በማቀዝቀዣ መኪና ሰብስቦ ለመጠለያዎች አደረሰ። ዲሲ ሴንትራል ኪችን የሚባለው ትልቅ ወጥ ቤት የተጀመረው በዚያ ነው፤ ዛሬ ሥራ ያጡ ሰዎችን ምግብ ማብሰል ጭምር ያሠለጥናል። «ሰው ቢታመም እንከሰሳለን» ብለው የሚፈሩ ባለ ምግብ ቤቶችም ነበሩ፤ በፈረንጆች 1996 በቅን ልቦና ምግብ የለገሰ ሰው እንዳይጠየቅ ሕግ ወጣላቸው። ወደ እኛ የሚመጣው ከሰው ሳህን የተመለሰ ሳይሆን ጭልፋ ሳይነካው የቀረ ነው። ይህ ካላጽናናሽ ሌላ የምለው የለኝም።

እዚያ የገባሁት ለጽድቅ ብዬ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ የሌላ ሰው እናት ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ሳጎርስ እሰነብታለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ቤቱ ጭር ይልብኛል። ምድጃው ፊት እንደቆምሁ ከድስቱ እበላ ነበር፤ ሳህን እንኳ አላወጣም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ «ሰው አንሶናል» ብላ ወሰደችኝ። ሰልፉ ካለቀ በኋላ እኛም ቁጭ ብለን አብረን እንበላለን። በሳምንቱ የተመለስሁት ለዚያ ማዕድ ነው። ስለዚህ «ብቻዬን እበላለሁ» ስትዪኝ «እኔም» ማለት ነበረብኝ፤ ኩራት ያዘኝ። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ማታ በ2 ሰዓት እደውልልሻለሁ። ያኔ እዚህ እኩለ ቀን ነው፤ አንቺ እራትሽን፣ እኔ ምሳዬን ይዘን እንቀመጣለን። እኔም ሳህን አወጣለሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሽንኩርት አስላጡኝ፤ አሁን ጭልፋ ይዣለሁ። ሕጉ ግን ብዙ ነው። ፀጉር ይሸፈናል፣ ጓንት ይጠለቃል፤ ትኩሱ ምግብ ከ57 ዲግሪ እንዳይወርድ መለኪያ እየነከርሁ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። አንቺ በጣትሽ ነክተሽ የምታውቂውን! ሩዝና ባቄላው እንዲነካኩ የማይፈልግ አንድ ሰውዬ አለ። በመካከላቸው ዳቦ እንደ ግንብ አቆምለታለሁ፤ ጎንበስ ብሎ ይመረምርና ይሄዳል።

ኅዳር ላይ የምስጋና ቀን የሚሉት በዓላቸው ሲመጣ በጎ ፈቃደኛው ከሰልፈኛው ይበዛል። ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፤ ቦታ ሞልቶ የሚመለስም አለ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር እኔ ያን ግዙፍ የፈረንጅ ዶሮ ሳልቀምስ ስቆራርጥ ዋልሁ። ትናንት ግን አራት ብቻ ነበርን። ሰው በኅዳር ብቻ የሚራብ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ባለፈው መስከረም አንድ ሽማግሌ በሰልፉ መጡ። ኮታቸው አሮጌ ቢሆንም የተተኮሰ ነው፤ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገውታል። ያገሬ ሰው መሆናቸውን ሳይ አፌ ቀደመኝና «ጋሼ፣ ይጨመርልዎት?» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ትሪያቸውን እንደሞላ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ።

ሦስት ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። ሰው እንዲበላ ቆሜ ሳለ አንድ አዛውንት በእኔ አንደበት ጦም አደሩ እያልሁ ስብሰለሰል ከረምሁ። በአራተኛው ሲመጡ ጭልፋውን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ጀርባዬን አዙሬ ዳቦ መቁረጥ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ ገና ድረስ እርሳቸው ብቅ ባሉ ቁጥር እኔ ዳቦ ቆራጭ ነበርሁ። አንድም ቀን አላየኋቸውም፤ እርሳቸውም አላዩኝም።

ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ዳቦዬን እየቆረጥሁ ሳለ፣ ከኋላዬ በአማርኛ «ልጄ፣ ይህ ምስር ጨው የሚባል ነገር አያውቅም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ብዬ ጨው ሰጠኋቸው። ስማቸውን አልጠየቅሁም። ምድጃ ያላት አንዲት ክፍል እንዳለቻቸው ግን ነገሩኝ። በሳምንቱ፣ ቁጣሽ ይኸውና መጣ፣ አንቺ ከላክሽልኝ ሽሮ የቀረውን አጋምሼ በጠርሙስ ወሰድሁላቸው።

ትናንት ጠርሙሱን አጥበው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። «ሽሮው እንዴት ነበር?» አልኋቸው።

«ደህና ነው። በሶብላ በዝቶበታል። ማን ነው የደለሰው?»

«እናቴ ናት።»

«እንግዲያ ንገሪያት» አሉኝና ትሪያቸውን ይዘው ሄዱ።

ይኸው ነግሬሻለሁ። እኔ አልተከራከርኋቸውም፤ በሶብላው ላይ የምትመልሺው እንዳለሽ አውቃለሁና። እሑድ ስደውል ንገሪኝ፤ ቅዳሜ አደርሳለሁ።

ልጅሽ