የዝናብ ጣሳዬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን በምን እንደምገፋው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። «ዝናብ እለካለሁ» ስላቸው ይስቃሉ።

የምኖረው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። መሣሪያዬ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። አፉና ወገቡ እኩል ስለሆነ ማስመሪያ ማቆም ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይህን ጂኦግራፊ ሳስተምር ዕድሜ ልኬን ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን ጣሳውን ጓሮ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ዶሮ ገለበጠችው። ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ ጠጠር ሞላበት፤ ተቆጣሁት። አሁን እሱው ነው በጠዋት አጥሩን ዘሎ «አባባ፣ ሰባት ገብቷል!» የሚለኝ። (አንዳንዴ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጨምርልኛል፤ ደስ እንዲለኝ መሰለኝ።)

ወሎ ውስጥ ዝናብ ቀልድ አይደለም። ደጋው ገብስ የሚዘራው የየካቲትና የመጋቢትን በልግ አምኖ ነው። በ1977ቱ ድርቅ እናቴ ሲነጋ ደጃፍ ቆማ ጦሳን ታይ ነበር። ደመና የለም። አንድ ቃል ሳትናገር ተመልሳ ከሰል ታራግባለች።

ኩታበር፣ ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ ጣሳ የሚያስቀምጥ አንባቢ ካለ ልኬቱን በጋዜጣችሁ በኩል ይላክልኝ። በተለይ ኮምቦልቻ፤ ከእኛ ቁልቁል ስለሆነ ልዩነቱን ማየት እፈልጋለሁ። ደብተሬ ላይ ዓምድ አስምሬ ክፍት ትቼዋለሁ።

ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ