ለልጄ፦ ዲመር ከመግዛትሽ በፊት መብራትሽን ቁጠሪ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ብርዱ ዘንድሮ ገና በኅዳር ጀምሯል።

ባለፈው እሑድ «አባዬ፣ ለቲያትራችን ዲመር ልንገዛ ነው። ርካሽ ሆኖ ተሸክመነው የምንዞረው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የመለስኩልሽን ግማሹን እንኳን የሰማሽ አይመስለኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ሱቅ ስትገቢም አውጥተሽ ታነቢዋለሽ።

ዲመር የመብራትን ድምቀት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሳጥን ነውና፣ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት መብራቶችሽን ቁጠሪ። የነገርሽኝን ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። ከሰርግ አዳራሹ የተሰጧችሁ ስድስት የድሮ ሃሎጅን ፓሮች (ፓር ያው ጣሳ የመሰለው የመድረክ መብራት ነው)፣ እያንዳንዳቸው 500 ዋት። አራት ኤልኢዲ ፓሮች። አንድ የጭስ ማሽን።

ኤልኢዲዎቹንና የጭስ ማሽኑን ከሂሳቡ አውጫቸው። እነሱ ዲመር ላይ አይሰኩም። ኤልኢዲ ፓር ድምቀቱን የሚቀንስበት መሣሪያ ውስጡ አለው። እሱ የሚፈልገው ሙሉ ኤሌክትሪክ ነው፣ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት። አንዳንዱ ዲመር ላይ «ስዊች» የሚል ምርጫ ታገኛለሽ። እሱንም አትመኚው፣ ውስጡ ያው ዲመር ነው። ማራገቢያም፣ የስልክ ቻርጀርም፣ ሞተር ያለው ማንኛውም ነገር እንደዚያው።

ይህን የምልሽ በራሴ ደርሶ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ለምረቃ መብራት ስንዘረጋ ቸኩዬ ኤልኢዲ ፓር ዲመር ላይ ሰካሁ። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከጀርባው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ስነቅለው ስፒናው ገና ትኩስ ነበር። የሰው ዕቃ ነው፣ ከኪሴ ከፈልኩ።

እንዲያውም መብራታችሁ ሁሉ ኤልኢዲ ቢሆን ኖሮ ዲመር አትግዢ እልሽ ነበር። ገንዘቡ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ቢውል ይሻል ነበር። ግን ስድስት ሃሎጅን አላችሁ፣ ያውም በነጻ። እነሱን መጣል ኃጢአት ነው።

ለምን መሰለሽ? ሃሎጅን ሲደበዝዝ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ቢጫው ወደ ብርቱካን፣ መጨረሻ ላይ ፍም ይመስላል። ርካሽ ኤልኢዲ እንዲህ አያደርግም። ታች ሲደርስ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዘለል ዘለል ይልና ድንገት ይጠፋል። እናትየዋ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ልጇን የምትጠብቅበት ትዕይንት አለ ብለሽኝ ነበር። እዚያ ላይ ሃሎጅኖቹን ተጠቀሚ።

በ1970ዎቹ በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ መብራት የምሠራው እኔ ነበርኩ። ፓር የሚባል ነገር አላየንም። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠን፣ ውስጡን አጥበን፣ ባለ 200 ዋት አምፖል እንገጥምበታለን። ዲመሩ ደግሞ ለቤት ግድግዳ የሚሆን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ትንሽ መዘውር ነበር። እንዲህ ያሉ ሁለት መዘውሮች የእንጨት ሳጥን ላይ ገጠምኩ። ግራና ቀኝ እጄን አንድ አንድ ላይ አድርጌ፣ በልቤ እስከ ሃያ እየቆጠርኩ በዝግታ አዞራለሁ። አንድ ማታ እንደዚያ እያዞርኩ ሳለ ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «መሸ» ብለው ጋቢያቸውን ሲከናነቡ አየሁ። አዳራሹ ውስጥ መሆናቸውን ረስተውት ነበር። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዲመር የሚገዛው ለዚህ ነው።

ያንን ሳጥኔን ግን አሁን ላንቺ አልመክረውም። የቤት ዲመር የሚችለው ጥቂት መቶ ዋት ነው። የኔም ሳጥን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥል ነበር። ድሮ ፈረንጆቹ ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ ሁለት ብረት ነክረው፣ ብረቱን እያቀራረቡና እያራራቁ መብራት ያደምቁና ያደበዝዙ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ይህን ሰምቶ «እንሞክረው» ቢልሽ በጭራሽ እሺ እንዳትዪ። ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ስድስት ጊዜ 500፣ 3000 ዋት። ያገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። 3000ን ለ220 ስታካፍይው 13.6 አምፔር ይመጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ሶኬት መሳብ አልወድም። ሶኬቱ ላይ 16 ተብሎ ቢጻፍም የአሮጌ አዳራሽ ሶኬት ውስጡ የላላ ነው። የላላ ሶኬት ይግላል።

አነስተኛ ተንቀሳቃሽ ዲመር አብዛኛውን ጊዜ አራት ቻናል ነው፣ ማለትም ለየብቻ የሚደበዝዙ አራት መውጫዎች አሉት። ሳጥኑ ፊት ላይ በትልቁ «በቻናል 5 አምፔር» ይላል። አራት ጊዜ አምስት ሃያ ነው ብለሽ እንዳትደሰቺ። ከኋላ ፊውዙ አጠገብ በትንሽ ፊደል «ጠቅላላ 10 አምፔር» የሚል ታገኛለሽ። ዕቃው የሚችለው ያንን ነው። ሻጩ የፊቱን ነው የሚያነብልሽ፣ አንቺ ገልብጠሽ የኋላውን አንብቢ።

5 አምፔር በ220 ቮልት 1100 ዋት ነው። ሁለት ፓር አንድ ቻናል ላይ ብትሰኪ 1000 ዋት ይሆናል። ወረቀት ላይ ይችላል። እኔ ግን ከሚችለው አንድ አምስተኛውን ሁልጊዜ እተዋለሁ። ውስጡ ያለው ክር ቀዝቃዛ ሲሆን አምፖሉ ለቅጽበት አሥር እጥፍ ያህል ሊስብ ይችላል። ርካሽ ዲመር የሚሞተው በዚያች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ባለ አራት ቻናል ሁለት ግዢ። እያንዳንዱ ላይ ሦስት ፓር፣ በየቻናሉ አንድ አንድ። 1500 ዋት፣ 7 አምፔር ገደማ። አራተኛው ቻናል ትርፍ ይሁን፣ አንዱ ሲበላሽ ወደዚያ ታዛውሪዋለሽ። ሁለቱን ዲመሮች ደግሞ በተለያየ ብሬከር ሥር ያሉ ሶኬቶች ላይ ሰኪያቸው።

ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንሽ የምመርጠው በሌላም ምክንያት ነው። አንዱ መንገድ ላይ ቢሞት በሌላው ትጨርሳላችሁ። ለሁለት ልጅ መሸከምም ይቀላል።

አጎትሽ ከአሜሪካ ልላክልሽ ቢልሽ አመስግነሽ እምቢ በዪ። የነሱ 120 ቮልት ነው። እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ያው መቃጠል ነው። «ትራንስፎርመር እጨምርበታለሁ» ካለሽም ከዲመሩ የሚከብድ ዕቃ ይዘሽ ልትዞሪ ነው። ሳጥኑ ላይ 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ካላየሽ አትክፈዪ።

ስለ ድምፁ ላንሳልሽ። ዲመር ኤሌክትሪኩን አይቀንሰውም፣ ይቆርጠዋል። የኛ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ዲመሩ እያንዳንዷን ምት መጀመሪያዋን ቆርጦ የቀረውን ይሰጣል። ብዙ ሲቆርጥ መብራቱ ይደበዝዛል። ያ መቆረጥ ነው አምፖሉን «እዝዝዝ» የሚያሰኘው። ጥሩ ዲመር ውስጥ ይህን የሚያለዝብ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቅል አለ። ርካሹ ላይ ጥቅሉ ትንሽ ነው፣ ወይም ጨርሶ የለም።

ሱቅ ስትሄጂ አንዱን ፓር ይዘሽ ሂጂ። ዲመሩን ግማሽ ላይ አቁሚውና ጆሮሽን ወደ አምፖሉ አስጠጊ። ከዚያ የናትሽን ትንሿን ሬዲዮ ኤኤም ላይ አድርገሽ አጠገቡ አኑሪያት። ሬዲዮዋ ከጮኸች ማይክራፎንሽም ይጮኻል። መሲንቆ ተጫዋቹ ዝግ ባለችው ቦታ ላይ ሲደርስ ያ ጩኸት ከስፒከሩ ቢወጣ ምን ያህል እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። መድረክ ላይም የድምፁንና የመብራቱን ኬብል አንድ ላይ አታስሪያቸው። ጎን ለጎን አይሂዱ። መገናኘት ካለባቸው ተሻግረው ይለፉ።

ሱቅ ውስጥ ሌላ የምለምንሽ ጊዜ እንድትወስጂ ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አብርተሽ ጠብቂ። ባለ ሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም ጠብቂ። ከዚያ ነቅለሽ ስፒናውን ዳብሺው። ለብ ካለ ምንም አይደለም። ካቃጠለሽ ተይው። ያገለገለ ከሆነማ ይህን ሳታደርጊ ብር እንዳታወጪ።

መቆጣጠሪያው ዲኤምኤክስ የሚባለው ይሁን። በ1986 በፈረንጆቹ የወጣ አሠራር ነው፣ እስከ ዛሬ የመድረክ መብራት የሚነጋገርበት እሱ ነው። በአንድ መስመር 512 ቻናል ይይዛል፣ ለናንተ ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያውን ዲመር ቁጥር 1 ላይ፣ ሁለተኛውን 5 ላይ ታደርጊዋለሽ፣ በቃ። ኤልኢዲዎችሽም በዚያው ቦርድ ይታዘዛሉ። ግን ዲመሩ ራሱ ላይም የእጅ ማንሸራተቻ ያለውን ፈልጊ። ቦርዱ ቢበላሽ በእጅሽ ትሠሪያለሽ።

ፊውዙ ከውጭ የሚከፈት ይሁን። ሳጥኑን በካቻቢቴ ፈትተሽ የምትቀይሪው ከሆነ በጨለማ አይሆንልሽም። ፊውዝ ሲበጠስ ሽቦ ጠምዝዞ የሚያስገባ ልጅ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አስቁሚው። ፊውዙ የተበጠሰው አንድ ነገር ሊነግርሽ ነው። ሽቦ ከገባበት ቀጥሎ የሚበጠሰው የአዳራሹ ጣሪያ ውስጥ ያለው መስመር ነው፣ እሳት የሚነሳውም ከዚያ ነው።

ኤክስቴንሽን ስትገዢ ኬብሉ እኛ ሠራተኞች «ሁለት ተኩል» የምንለው፣ የሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ይሁን። ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍቺው፣ እንደተጠቀለለ ሲሠራ ውስጡ ይግላል። ሦስተኛዋ የመሬት ሽቦ መኖሯን አይተሽ አረጋግጪ። ፓሮቹ ብረት ናቸው፣ የሚሰቅሏቸው ደግሞ ልጆች ናቸው።

ከምትዞሩባቸው ቦታዎች ደንበጫና ቡሬ የመብራት መስመር አላቸው። የሚያሳስበኝ ደብረ ኤልያስ ነው፣ መብራት ቢሄድ በጄኔሬተር ትሠራላችሁ ብለሽኛልና። ትንሽ ጄኔሬተር ምቱ ወጣ ገባ ይላል። ዲመሩ ዜሮዋን ፈልጎ ያጣታል፣ መብራቱም ይርገበገባል። ስለዚህ ያን ማታ ሦስት ፓር ብቻ አብሪ፣ ድምፁን ከሌላ ጄኔሬተር አውጪ። የዮፍታሔ ንጉሤ አገር ነው ልጄ። ቲያትር የጻፈልን ሰው በተወለደበት ቦታ መድረክ ስትዘረጉ፣ ያቺ እናት ምድጃ ዳር የተቀመጠችበት ብርሃን እንዲያምር እፈልጋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቴስተሬን ልኬልሻለሁ፣ እኔ ሌላ አለኝ። አሥር ባለ 5 አምፔር የመስታወት ፊውዝ በጥጥ ጠቅልዬ ክብሪት ሳጥን ውስጥ አድርጌያለሁ። ዲመሩን ስትገዢ ልኩ መሆኑን አመሳክሪ። አንድ ጥቅል ናስትሮም አለ። ከላይ ያለው ቆሎ የናትሽ ነው።

አዳራሹ ስንት ብሬከር እንዳለው፣ የትኛው ሶኬት በየትኛው እንደሚጠፋ አይተሽ ጽፈሽ ያዢና ደውይልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ይሻላል።

አባትሽ